የጎማ ቁመትና የማርሽ ጉልበት በወሎ ዳገት ላይ

በአገራችን ገጠር አንድ የናፍጣ ፒክአፕ ጎማው አልቆ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ምክር አለ። ይኸውም «ከፍ ያለ ጎማ እናግባለት፤ ድንጋዩን ይዘለዋል፥ ጭቃውንም ይሻገረዋል» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ለዐይንም ደስ ይላል። ትልቅ ጎማ ያደረገ መኪና ቆሞ ሲታይ ከጓደኞቹ ይልቅ ጉልበተኛ ይመስላል። ነገር ግን መምሰልና መሆን ይለያያሉ። ጎማው ሲያድግ የሞተሩ ጉልበት አያድግም፤ እንዲያውም ወደ መሬት የሚደርሰው ጉልበት ያንሳል። ይህ ለምን እንደሚሆን፥ በተለይም እንደ መካነ ሰላም ባለ ከፍተኛ ቦታ ጉዳቱ ለምን እንደሚብስ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ይህ ጉዳይ የመካኒኮች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፥ ከዚያም ወደ ሣይንት፥ ወደ ከላላና ወደ ወግዲ የገጠር ቀበሌዎች የሚገባው መኪና በአብዛኛው ፒክአፕ ነው። ክትባት የሚያደርሰው፥ የፈተና ወረቀት የሚያጓጉዘው፥ ምርጥ ዘር የሚያመላልሰው እሱ ነው። ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሱት የወረዳ አምቡላንሶችም ብዙዎቹ የዚሁ ዘር የሆኑ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ናቸው። እንዲህ ያለ መኪና አቀበት ላይ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሲቆም የሚጎዳው ብረቱ ብቻ አይደለም። እኛም ደግሞ ነገ ተመርቀን ወደየወረዳው ስንሄድ የጎማ መግዣ ወረቀት ላይ ከሚፈርሙት ሰዎች መካከል እንገኝ ይሆናል። እንግዲህ ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው።

ማርሽ ማለት ልውውጥ ነው

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውንና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። ዛሬ በደቡብ ወሎ ዞን ውስጥ ወደሚገኘው ወደ መቅደላ ለመድረስ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት ግድ ነበር። ሞተር አልነበረም፤ የነበረው የሰው ክንድ ነው። ስለዚህ ንጉሡ መንገድ እያስጠረጉ፥ ቋጥኝ እያስፈለጡ፥ ቀጥ ያለውን ገደል በጥምዝምዝ መንገድ እያለዘቡ ነበር የተጓዙት።

ጥምዝምዝ መንገድ ምን ያደርጋል? አንድን ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገው ሥራ መንገዱ ቢረዝምም ባይረዝምም ያው ነው። ነገር ግን መንገዱ በረዘመ መጠን በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያስፈልገው ጉተታ ይቀንሳል። ርቀትን ከፍለን ጉልበትን እንገዛለን ማለት ነው። ተጠምዝዞ የሚወጣ የወሎ መንገድ ሁሉ በመሬት ላይ የተቀረጸ ማርሽ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በመኪናው ሆድ ውስጥ ያለው ማርሽም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ነገር ግን የመጠምዘዝ ኃይሉ ብቻውን መኪናውን ዳገት ለማውጣት አይበቃም። ስለዚህ ካምቢዮው ዙሩን ይቀንሳል፤ ዙሩን በቀነሰበት መጠን የመጠምዘዝ ኃይሉን ያበዛል። ከካምቢዮው ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ አንድ ጊዜ እንደገና ዙሩን ቀንሶ ኃይሉን ያበዛል። ለምሳሌ የካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ 2.5፥ የዲፈረንሻሉ ማርሽ ደግሞ 4.1 ቢሆን ሁለቱ ሲባዙ 10.25 ይሆናሉ። ይኸውም ሞተሩ 10.25 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በጎማው ዘንግ ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይልም ከሞተሩ 10.25 እጥፍ ነው። በመንገድ ላይ በሰበቃ የሚጠፋውን አንድ ዐሥረኛ ያህል እንቀንስለት። ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለማርሽም ሕግ ነው፤ ቀስ ያለ ይወጣል።

የመጨረሻው ማርሽ ጎማው ነው

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ነገር የማርሹ ሰንሰለት በዲፈረንሻሉ ላይ አለማለቁ ነው። የመጨረሻው ማርሽ ራሱ ጎማው ነው። ዘንጉ የሚያገኘው የመጠምዘዝ ኃይል ነው፤ መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋው ግን ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ነው። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው የሚለውጠው ከጎማው እምብርት እስከ መሬት ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ያው የመጠምዘዝ ኃይል መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል።

ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልግም። አንድ ባልዲ ውኃ በእጅህ አንጠልጥለህ ክንድህን ወደ ጎን ዘርጋው፤ ከዚያም ክርንህን አጥፈህ ወደ ደረትህ አስጠጋው። ባልዲው ያው ባልዲ ነው፤ ትከሻህ ግን ልዩነቱን ይነግርሃል። ለሞተሩም ትልቅ ጎማ ማለት የተዘረጋ ክንድ ነው።

በሌላ አነጋገር ጎማውን በመቶ 8 ያህል ማሳደግ ማለት አምስቱንም ማርሽ፥ የኋላውንም ጭምር፥ በመቶ 8 ያህል ወደ ፈጣኑ ወገን መግፋት ነው። ሾፌሩ ይህን ለውጥ በካምቢዮ ዱላው ሊያስተካክለው አይችልም፤ ሁልጊዜ ከእርሱ ጋር ይጓዛል።

የጎማን ቁጥር ስለ ማንበብ

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ለሒሳባችን ያስፈልገናል። 235/85 አር 16 የሚል ጎማ እንውሰድ። 235 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 85 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ 85 ነው ማለት ሲሆን ይኸውም 200 ሚሊሜትር ያህል ነው። 16 ደግሞ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ 406 ሚሊሜትር ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ 200 እና 406 ሲደመሩ የጎማው ሙሉ ቁመት 806 ሚሊሜትር ይሆናል። በአገራችን ሾፌሮች ዘንድ የታወቀው 7.50 በ16 ጎማም ቁመቱ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

205 አር 16 የሚለው ጎማ ግን ሁለተኛ ቁጥር የለውም። እንዲህ ሲሆን የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ 82 ያህል ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ሙሉ ቁመቱ 742 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ብዙ የቆዩ ሃይሉክስ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ይህን ጎማ ይዘው ነበር። እንግዲህ ባለ 205ቱ ጎማ መኪና ባለ 235ቱን ጎማ ቢያገባ ከእምብርቱ እስከ መሬት ያለው ርቀት ከ37 ሴንቲሜትር ወደ 40 ሴንቲሜትር ያድጋል። ልዩነቱ ሦስት ሴንቲሜትር፥ በመቶኛ ሲሰላ 8 ያህል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ምን ሊያደርግ ይችላል? ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ስለ አየሩ አንድ ነገር መናገር አለብን።

ሞተሩም እንደ ሰው ይተነፍሳል

ናፍጣ የሚቃጠለው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው። በባሕር ጠረፍ አጠገብ ያለው አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። የመካነ ሰላም ከተማ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከደሴ ወደ እርስዋ የሚወስደው መንገድ ከዚያም ከፍ ያሉ የለጋምቦ ደጋዎችን ያቋርጣል። በዚያው አካባቢ ያለው የአምባ ፈሪት ተራራ ከ3,900 ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በእነዚህ ደጋዎች ላይ በግርድፉ ከጉልበቱ ሩቡን ቆላ ጥሎት ይመጣል ማለት ይቻላል። ፓምፑ በጥንቱ ዘዴ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ናፍጣውን እንደ ቆላው አድርጎ ይረጫል። የተረፈው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ አንድ ፒክአፕ ጥቁር ደመና እየተፋ ሲያቃስት ስናይ «ሞተሩ ታሟል» እንላለን። አንዳንድ ጊዜ በሽታው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን አየሩ ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ

ለሒሳቡ እንዲመቸን ቁጥሮቹን አለዝበን እንውሰድ። ሰውና ጭነት የያዘ ፒክአፕ ጠቅላላ ክብደቱ 2,800 ኪሎ ይሁን። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው ሆኖ በባሕር ጠረፍ 190 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያለው ነው እንበል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይህ ወደ 140 ይወርዳል። ማርሾቹ አንደኛው 4.5፥ ሁለተኛው 2.5፥ ዲፈረንሻሉ 4.1 ይሁኑ።

መጀመሪያ መንገዱ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ከመኪናው ክብደት አንድ ዐሥረኛውን፥ ማለት 280 ኪሎ ጉተታ ይጠይቃል። ጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ለመሽከርከር ብቻ የሚጠይቀው ደግሞ 70 ኪሎ ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 350 ኪሎ ይሆናሉ።

ቀጥሎ መኪናው ምን እንደሚሰጥ እንይ። በሁለተኛ ማርሽ 140ን በ10.25 አብዝተን፥ በሰበቃ የሚጠፋውን አንድ ዐሥረኛ ቀንሰን፥ በጎማው 0.37 ሜትር እናካፍላለን። ኒውተኑን ወደ ኪሎ ስንለውጠው 356 ኪሎ ያህል ይሆናል። መንገዱ 350 ይጠይቃል፥ መኪናው 356 ይሰጣል። በጭንቅ ነው፤ ግን ይወጣል።

አሁን ትልቁን ጎማ እናግባ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ በ0.37 ፈንታ በ0.40 ስናካፍል የምናገኘው 329 ኪሎ ነው። መንገዱ የሚጠይቀው ግን ያው 350 ነው። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ አይወጣም፤ ወደ አንደኛ መውረድ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር ያለው። ማርሽ እንደ ደረጃ ነው እንጂ እንደ ለስላሳ ዳገት አይደለም፤ ግማሽ ደረጃ የለም። ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር ትንሹን ጎማ ያደረገው መኪና በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 33 ኪሎሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ትልቁን ጎማ ያደረገው በአንደኛ ማርሽ በዚያው ዙር የሚሄደው 20 ኪሎሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱን በመቶ 8 ይጨምራል የተባለው ጎማ በዳገቱ ላይ ከመቶ 40 ያህሉን ቀነሰው ማለት ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ምን ያደርጋል ለሚል መልሱ ይኸው።

ወደ ቀበሌ የሚገባው መንገድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር የሚወጣ አቀበት ያለበት መንገድ በተመሳሳይ ሒሳብ 630 ኪሎ ጉተታ ይጠይቃል። በአንደኛ ማርሽ ትንሹ ጎማ 641 ኪሎ ሲሰጥ ትልቁ 593 ይሰጣል። አንዱ ይወጣል፥ ሌላው ይቆማል። የቆመው መኪና ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ ሞተሩን ማስጮኽ ነው። ያን ጊዜ የሚሸተው ሽታ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ሽታ ነው።

ይህንኑ መኪና ወደ አፋር ቆላ፥ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ብንወስደው ግን ሞተሩ 180 ኒውተን ሜትር ያህል ስለሚሰጥ ትልቁን ጎማ እንዳደረገ በሁለተኛ ማርሽ ከ420 ኪሎ በላይ ይጎትታል። የ350 ኪሎውን ዳገት ያለ ምንም ችግር ይወጣዋል። ስለዚህ የቆላ ሾፌር «እኔ ትልቅ ጎማ አግብቼ አንዳች አልሆንሁም» ቢል እውነቱን ነው። ምክሩ የሚበላሸው ደጋ ሲወጣ ነው። በባሕር ጠረፍ አገሮች ተፈትኖ የመጣ ምክርም ሁሉ እንዲሁ ነው፤ በወሎ አየር እንደገና መፈተን ይገባዋል።

ስለ ቁልቁለቱስ?

የወጣ መውረዱ አይቀርም። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም፥ ወደ ጉንደ ወይን የሚያደርሰው መንገድ ዓባይን ለመሻገር ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። 2,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ አንድ ነገር ያንን ኃይል ሁሉ መዋጥ አለበት። መጠኑን ለማወቅ ያህል ኃይሉ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ሸራና ብረት ላይ ቢያርፍ ፍሬኑ ግሎ መያዙን ይተዋል።

ልምድ ያለው ሾፌር ይህን ስለሚያውቅ በወጣበት ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይዞ ፍሬኑን ያሳርፈዋል። ትልቅ ጎማ ግን በሁለት በኩል ይበድላል። አንደኛ፥ ማርሹ ሁሉ ወደ ፈጣኑ ወገን ስለ ተገፋ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት ከመቶ 7 ወይም 8 ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛ፥ ፍሬኑ ራሱ የሚታገለው ከረዘመው ክንድ ጋር ስለ ሆነ ያንኑ መኪና ለማቆም ቀድሞ ከነበረው በመቶ 8 ያህል አብልጦ መያዝ አለበት። በሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። ሙሉ ጭነትና ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ባሉበት በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይታወቃል፤ የሚታወቀውም እርማት በማይቻልበት ሰዓት ነው። አቀበት ላይ የቆመ መኪና ያሳፍራል፤ ቁልቁለት ላይ ያልቆመ መኪና ይገድላል።

የሚዋሽ ሰዓት

ከዚህ ሌላ የፍጥነት ሰዓቱ አለ። ሰዓቱ የሚቆጥረው የዘንጉን ዙር ነው እንጂ መሬቱን አያይም። ጎማው በመቶ 8 ሲያድግ ሰዓቱ 60 ሲል መኪናው በእውነቱ 65 ያህል ይሄዳል። የተጓዘውንም መንገድ አሳንሶ ይጽፋል፤ 5,000 ኪሎሜትር ሲል በእውነቱ 5,400 ያህል ተጉዟል። ስለዚህ ዘይት መቀየሪያው ያልፋል። በሌላ በኩል የናፍጣ ሒሳብ የሚይዘው ሠራተኛ መኪናው በሊትር የሚሄደው ኪሎሜትር እንዳነሰ በመዝገብ ላይ ያያል። ሾፌሩም ሳይሰርቅ በናፍጣ ሌብነት ሊጠረጠር ይችላል። ጎማውን ያዘዘው ሌላ፥ የሚጠየቀው ሌላ።

ትልቅ ጎማ ጥቅም የለውምን?

አለው፤ ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን መናገር ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ጎማ መኪናውን ከድንጋይ ያርቀዋል። ነገር ግን መኪናው የሚነሣው በጎማው ሙሉ ዕድገት ሳይሆን በግማሹ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ ዕድገት ከእምብርቱ በላይ ይቀራል። ከላይ በያዝነው ምሳሌ ጎማው 6 ሴንቲሜትር ያህል ሲያድግ ከዲፈረንሻሉ በታች የተገኘው ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ትልቅ ጎማ ጉድጓድንም በለስላሳነት ያልፋል፥ በሜዳ መንገድ ላይም ሞተሩን ያሳርፋል።

ስለ ጭቃም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በክረምት በዋልካ መሬት ላይ ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ አይጠቅምም። ላዩ የላቆጠ፥ ታቹ ግን ጠንካራ የሆነ ጭቃ ሲያጋጥም ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይይዛል፤ ሰፊው ግን ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሰፊ ጎማ የሚመሰገነው ታች በሌለው አሸዋ ላይ ነው። የቀድሞ ሾፌሮች ጠባቡን 7.50 በ16 የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፥ መነሻውን ማወቅ። ላንድክሩዘር ፒክአፕ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ሲመጣ 7.50 በ16 ለርሱ የተፈጥሮ ልኩ ነው፤ ማርሹም ለዚያው ተስማምቶ የተሠራ ነው። ያው ጎማ ለባለ 205 ሃይሉክስ ግን ትርፍ ነው። የጎረቤትን ጫማ ከማድረግ በፊት የራስን እግር መለካት ይገባል።

ሁለተኛ፥ ትልቅ ጎማ የግድ ከሆነ የዲፈረንሻሉን ማርሽ አብሮ መቀየር። በእኛ ምሳሌ 4.1 የነበረው ወደ 4.43 ቢጠጋ የመኪናው ጉልበት እንደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የፍሬኑ ችግር ግን እንዳለ ይቀራል። በአራት ጎማ በሚጎትት መኪና የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተቀየረ አራቱ ጎማ ሲያዝ የፊቱና የኋላው እርስ በርስ ይታገላሉ፥ ማርሽም ይሰበራል።

ሦስተኛ፥ በዚሁ ምክንያት ሁለት ጎማ ብቻ ከኋላ ከፍ አድርጎ ማግባት የተከለከለ መሆን አለበት። ገንዘብ አነሰ ተብሎ ሁለት ትልቅ፥ ሁለት ትንሽ ጎማ አግብቶ በአራት ጎማ መጎተት ካምቢዮን በገዛ እጅ መስበር ነው።

አራተኛ፥ ዝቅተኛውን የአራት ጎማ ማርሽ፥ በዱላው ላይ ፎር ኤል ተብሎ የተጻፈውን፥ መጠቀም። ይህ ማርሽ ኃይሉን ከሁለት እጥፍ በላይ ያበዛል። ብዙዎች ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ብቻ ያስታውሱታል፤ እርሱ ግን ልቅ መሬት ላለው ገደላማ ዳገትና ቁልቁለት የተሠራ ነው። ፍሪሲዮን ከማቃጠል በፊት ቆሞ ወደዚህ ማርሽ መግባት ውርደት አይደለም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይያዝም።

አምስተኛ፥ በቱርቦ አለመታለል። ቱርቦ ያለው ሞተር ቀጭኑን አየር አጭቆ ስለሚያስገባ የደጋውን ጉዳት አብዛኛውን ይከላከላል። ነገር ግን ቱርቦው የሚሠራው ሞተሩ በበቂ ሁኔታ ሲዞር ነው። ትልቅ ጎማ ዙሩን ስለሚቀንስ ከዳገት ላይ ሲነሡ ቱርቦው ገና ሳይነቃ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል።

ስድስተኛ፥ መለካት። የጎማን ልክ ለማወቅ ጠመኔና ሜትር ይበቃል። ጭነቱን እንደ ያዘ በጎማውና በመሬቱ ላይ ምልክት አድርጎ መኪናውን በቀጥታ መንገድ አንድ ሙሉ ዙር መግፋት፥ ከዚያም በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን መለካት ነው። የአዲሱን ጎማ ርዝመት ለአሮጌው ሲያካፍሉት ማርሹ ምን ያህል እንደ ተገፋ ይታወቃል። በመካነ ሰላምም ሆነ በቱሉ አውሊያ ግቢ ያለ ተማሪ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው ይችላል።

በጠቅላላው ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። መኪና ከሞተሩ የበለጠ ጉልበት ከየትም አያገኝም፤ ማርሹና ጎማው የሚያደርጉት ያለውን ጉልበት ከፍጥነት ጋር መለዋወጥ ብቻ ነው። አየር በሳሳበት፥ ዳገት በበዛበት፥ ሐኪም ቤት በራቀበት አገር የሚያዋጣው ልውውጥ ፍጥነትን ሰጥቶ ጉልበትን መግዛት ነው። ትልቁ ጎማ ግን በተቃራኒው ጉልበትን ይሸጣል፤ የሚሸጠውም ለሦስት ሴንቲሜትር ከፍታና ለመልክ ነው። ከላይ የሠራነው ሒሳብ በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ያልቃል። የጎማ መግዣው ወረቀት በፊታችን ሲቀርብ ከፊርማችን በፊት ያቺን ግማሽ ገጽ ብንሠራት በለጋምቦ ዳገት ላይ ሌሊት የሚጓዝ አንድ ሾፌርና ከኋላው የተኛች አንዲት በሽተኛ ሳይቆሙ ይደርሳሉ።